የጃናሞራው ውሃ

ደረሰ የሚታማው በምላሱ ብቻ ነበር። አይሰርቅም፣ አይሰክርም፣ ከሰው አይጣላም፤ ግን ያልመጣውን መጣ፣ ያላየውን አየሁ ማለት ይወዳል። ክፋት የለበትም፤ የሰው ፊት ሲፈካ ማየት ስለሚወድ ነው እንጂ። እንዲህ ያለውን ሰው መቆጣት አያስችልም፤ ካልተቆጡት ደግሞ ጉድ ያፈላል።

ገዳሪፍ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከሂያም ጋር በሽርክና የሚሠራባት የጌም ቤት አለችው። አሮጌ ኮምፒውተሮች በሳንቃ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው፣ የሰፈሩ ጎረምሳ ኳስና ተኩስ ሲጫወትባቸው ይውላል። ደረሰ ግን የሚወደው አውሮፕላን ማብረር ነው። በሕይወቱ ተሳፍሮ አያውቅም፤ ከስደተኛ ካምፕ ወደ አሜሪካና አውስትራሊያ የሄዱትን ጓደኞቹን ሁሉ ሸኝቶ እሱ ቀርቷል። ስክሪን ላይ ግን የማያርፍበት ማረፊያ አልነበረም።

ከሚሊኒየሙ በዓል ቀጥሎ በመጣው ዓመት፣ አዲስ የአውሮፕላን ማብረሪያ ጌም ሊወጣ ነው ተባለ። የድሮዎቹ ከትልልቅ ከተሞች ሲወጡ መሬቱን ሁሉ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቀብተው ነበር የሚያልፉት። ይሄኛው ግን መላው ዓለም ከሰማይ በተነሳ ፎቶ የተሠራበት ነው፤ ጋራው ጋራ፣ ወንዙ ወንዝ ነው ተባለ። ደረሰ ይሄን ከሰማ ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። ለመጣ ለሄደው ይናገራል፣ ግድግዳው ላይ ሥዕሉን ለጥፏል፣ ራሱ የፈለሰፈው ይመስል ይኩራራል።

ሂያም በዚህ ትበሳጫለች። ኡም ጋርጉር ካምፕ ተወልዳ ገዳሪፍ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ መሐል ላይ ዓረብኛ ሳይገባበት ዓረፍተ ነገር አትጨርስም። ኮምፒውተር የምትጠግነው እሷ ናት፣ ኢንተርኔት ላይ የተጻፈውን የምታነበውም እሷ።

«ያ ደረሰ፣ ወላሂ ሰው ታስቀይማለህ» አለችው። «የሞከሩት ሰዎች ጽፈዋል፤ ገና አላለቀም፣ ሙሽኪላው፣ ችግሩ ብዙ ነው ይላሉ። ለሰው ስትናገር ሊበላሽ ይችላል በል። ቀስ በል፣ ያኒ።»

«ሠርግ ጠርቶ ወጡ ሊያር ይችላል የሚል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

«ወጡ ካረረ በኋላ ግን አንተን አያድርገኝ» ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች።

እውነቱን ለመናገር፣ ደረሰን እንዲህ ያቅበጠበጠው ጌሙ ብቻ አልነበረም። እናኑ ነበረች።

እናኑ ልጄ ትለው እንጂ አልወለደችውም። በሰባ ሰባቱ ረሃብ፣ የሰሜን ጎንደር ሰው ወደ ሱዳን ሲፈስ፣ በሞተች ሴት አጠገብ ቁጭ ብሎ ዝንብ የሚያባርር ሕፃን መንገድ ላይ አገኘች። አዘለችው። ድንበሩን ተሻግረው ሕፃኑ በሕይወት መኖሩን ስታይ ደረሰ አለችው፤ የቀድሞ ስሙን የሚያውቅ አልነበረምና ይሄው ጸናለት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ደግ ሴት ናት ተብሎ ይታለፍ ነበር። ግን እናኑ የራሷን ልጅ ትታ ነው የወጣችው። ጃናሞራ ውስጥ፣ ጥድ በር በምትባል መንደር፣ የሰባት ዓመት ልጇን ሸዋረጋን ለአያቷ ሰጥታ ነው። ንዳድ ይዟት ነበር፣ መንገዱን አትችለውም ነበር ትላለች። ለመኸር እመለሳለሁ ብላ ወጣች፤ ስንት መኸር መጣ፣ ስንት መኸር ሄደ፣ አልተመለሰችም። መጀመሪያ ጦርነቱ አገዳት። ጦርነቱ ሲያልቅ አብሯት የተሰደደው ባሏ ፋው እርሻ ላይ ጥጥ ሲለቅም ሞተ። ከዚያ ወዲህ ግን የሚያግዳት አልነበረም። በመተማ በኩል መንገዱ ክፍት ነው፤ የጎንደር ሠራተኛ በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ይመጣል፣ ይመለሳል። እናኑ ዘንድሮ ዝናቡ ሲያቆም እሄዳለሁ ትላለች፤ ዝናቡ ያቆማል፣ እሷ ግን ሰሊጥ መጋዘኑ ውስጥ ወንፊቷን ይዛ ቁጭ ናት። ከአጫጆቹ መሐል የጃናሞራ ሰው ከተገኘ ትጠይቃለች፤ አንዱ አውቃታለሁ ይላል፣ ሌላው መንደሩ ተበትኗል ይላል። ደረሰ ካደገ በኋላ ገባው፦ ሄዳ መቃብር ከምታገኝ፣ ሳትሄድ ልጇን በሕይወት ማቆየት መርጣለች።

እሱን ያሳደገችው በሸዋረጋ ወሬ ነው። ጥጃ ገፍቷት ወድቃ ቅንድቧ ላይ የቀረውን ጠባሳ፣ ግራኝነቷን፣ ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈኗን፣ ሁሉንም ያውቃል። ለሌላ ልጅ በሚገባ ጀርባ ላይ ታዝሎ እንደመጣ እያወቀ ማደግ ምን እንደሚመስል ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ለሰው ሁሉ የምሥራች ማብዛቱ ግን ከዚያ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ጠብቆ፣ «እምዬ፣ ጥድ በርን ላሳይሽ ነው» አላት።

እንዴት እንደሆነ አስረዳት። ከሰማይ የተነሳ ፎቶ መሆኑን፣ በዚያ ላይ አውሮፕላን ይዞ እንደሚበር፣ የዓለም አገር ሁሉ እንዳለበት። እናኑ የተቀደደ ወንፊት እየሰፋች ሰማችው።

«ቤታችንን ያሳያል?»

«ጣራው ሳይቀር!» አለ። ይሄን አያውቅም፤ ግን አለው።

«ሰውስ?»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አፉን ይይዝ ነበር። ደረሰም እግዜር ይይለትና ትንሽ ቆም አለ። «ሰው አይታይም» አለ። «ግን ሰው ያለበት ቤት ያስታውቅ የለ? የታረሰ ማሳ፣ የታጠረ ግቢ... እሱ ይታያል።»

እናኑ ወንፊቱን መሬት ላይ አስቀመጠች። «እንግዲያ ካለች አውቃለሁ ማለት ነው» አለች።

እንደሱ አይደለም እምዬ ማለት ነበረበት። ፎቶው መቼ እንደተነሳ አላውቅም፣ ጌም ነው፣ መጫወቻ ነው ማለት ነበረበት። አላለም። ፊቷ እንደዚያ ሲያበራ አይቶ አያውቅም ነበር፤ ያን ፊት በገዛ አፉ ማጥፋት አልሆነለትም።

በማግስቱ ሰሊጥ የሚያበጥሩት ሴቶች ሁሉ ሰሙ። ወሬው ካንዱ አፍ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር እያበጠ ሄደ። የደረሰ ማሽን አገር ቤት ያለውን ሰው በመስኮት ያሳያል ተባለ። አንዷ የአርማጭሆ ወንድሟን እንዲያሳያት ለመነችው፤ ሌላው የእናቱ መቃብር አጠገብ ያለው ዋንዛ ተቆርጦ እንደሆነ እይልኝ አለው። የእድሩ ዳኛ አያ ገሠሠ ሳይቀሩ፣ በሽማግሌ ወግ፣ «ለእኛም ቦታ ያዝልን» ብለው ላኩበት። ደረሰ ለሁሉም እሺ አለ።

ዲስኩ ከካርቱም በአውቶቡስ መጣ። ሂያም ስትጭነው እኩለ ቀን ሆነ። መጀመሪያ የተነሳው አውሮፕላን ማኮብኮቢያው ውስጥ እስከ ሆዱ ሰጠመ። ካርቱም ላይ የዓባይ ድልድይ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፖርት ሱዳን ግማሽ ከተማው ባሕር ላይ ተንሳፍፏል። በየመሐሉ ኮምፒውተሩ ቀጥ ይላል፤ አጥፍቶ እንደገና ማስነሳት ነው። ሂያም መጀመሪያ በሳቅ ፈረሰች፣ ኋላ ሳቋን ተወችው።

«ኸላስ፣ በቃ ቀኑን አራዝመው» አለች። «ሰዎቹ ማስተካከያ እንልካለን ብለዋል። ለነእናኑ አላለቀም በላቸው።»

«ሰው ታጥቦ ለብሶ ሲመጣ አላለቀም ልበል?»

«እውነት አይደለም እንዴ?»

ደረሰ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ከጎንደር አየር ማረፊያ ተነስቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ሞከረ፤ አልተበላሸም። ደባርቅን አለፈ፣ ቧሂት ተራራን አየ፣ ልክ እንደ ፎቶ ቆሟል። ከቧሂት ወዲያ ሊሻገር ሲል መብራት ጠፋ። «አየሽ?» አላት፣ «በዚህ በኩል ደህና ነው።» ከዚያ ወዲያ ያለውን ሳያየው ቀረ።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጌም ቤቷ ሞላች። አያ ገሠሠ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። የእናኑ ጎረቤት ሳፊያ፣ እስላም ብትሆንም ለጓደኛዋ ብላ መጥታ፣ ከእናኑ ጋር አንድ ወንበር ተጋርታለች። እናኑ ለፋሲካ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ ነበር።

ደረሰ አውሮፕላኑን አስነሳ፤ ከጎንደር ከፍ ሲል ሰዉ ሁሉ እልል አለ። እንዲያ ያለ ደስታ ያቺ ቤት አይታ አታውቅም። ፋሲል ግንብ የቱ ነው፣ ጣናስ በየት በኩል ነው እያሉ ጆሮውን አደነቆሩት። ደባርቅን ሲያልፍ እናኑ ከወንበሯ ተነሳች። ኮምፒውተር ፊት ቀርባ የማታውቅ ሴት፣ አውሮፕላኑን መምራት ጀመረች።

«ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ልጄ። ያ ቧሂት ነው። አዎ! በረዶ የሚጥልበት ነው። ገደሉን በግራ ተወውና ዝቅ በል። ከዚያ ከጀርባው ነን።» ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር። ደረሰ ዞሮ ሊያያት ፈልጎ፣ እንባው እንዳይመጣ ፈርቶ ተወው።

ቧሂትን ተሻገረ።

ውሃ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ፣ ጸጥ ያለ ውሃ። ገደሉ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ቆሟል። ጥድ በር መሆን በሚገባት ቦታ፣ ቤተ ክርስቲያኑና ማሳው መሆን በሚገባቸው ቦታ፣ ጃናሞራ በሞላ ውሃ ነው። ደረሰ መሪውን ወዲያ ወዲህ አዞረው፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ፤ ውሃው ስክሪኑን ሞልቶ ቀረ።



«መቼ ነው?» አለች እናኑ።

«ምኑ እምዬ?»

«ውሃው የወሰዳቸው።»

«ኧረ ስህተት ነው!» አለ ደረሰ። «ጌሙ አዲስ ነው፣ ገና አላለቀም። ትንሽ ጠብቂ፤ ማስተካከያ ይልካሉ፣ ይስተካከላል።»

እንግዲህ የሐበሻን መርዶ የሚያውቅ ይፍረድ። ለሐዘንተኛ ሞት እንደወረደ አይነገርም። ታሟል ይባላል፣ ትንሽ ይጠብቁ፣ ይሻለዋል ይባላል፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ንጋት ላይ፣ ሲዘጋጅ ነው የሚነገረው። የእናኑ ባል ፋው ላይ ሲሞት ሳምንት ሙሉ እንደዚያው ነበር ያሏት። ትንሽ ጠብቂ፣ ሐኪም አይቶታል፣ ይሻለዋል። እንዲህ ካሏት አንዱ፣ ያኔ ገና ልጅ የነበረው ደረሰ ነው። አሁንም ያው ቃል፣ ያው አፍ ነው። ደንግጦ ሊስቅ የሚሞክር ፊቱም ያው ነው።

እናኑ ዓይኗን ከስክሪኑ ነቅላ እሱን አየችው። «እሺ ልጄ» አለች፣ «እጠብቃለሁ።» ሳፊያ ክንዷን ይዛ አወጣቻት። ከኋላ አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በዚያ በኩል ግድብ ይሠራል ሲባል ሰምቼ ነበር» አለ። ሌላው ራሱን ነቀነቀ። ያልተወለደ ወሬ እንዲህ ነው የሚወለደው።

ሲነጋ እናኑ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ተገኘች። የእድሩ ድንኳን ተተከለ። ሰሊጥ አበጣሪዎቹ ወገባቸውን አስረው መጡ። ከሃያ ዓመት በላይ የታፈነ ለቅሶ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው እድለኛ ነው።

ደረሰ ካንዱ ወደ ሌላው ሮጠ። «አልሞተችም! ማለቴ፣ አላውቅም፣ ግን ውሃ የለም! የጌሙ ጥፋት ነው!» ሰዉ በርኅራኄ ያየዋል። አያ ገሠሠ እጁን ይዘው ከድንኳኑ ጀርባ ወሰዱት።

«ልጄ፣ የዋህነትህ ይገባኛል» አሉት። «እንድትደሰት ብለህ ነው፣ ያልታሰበ ነገር ወጣ። መደበቅህም ደግ ነው፤ ግን ሰው አንዴ ካወቀ መደበቁ ይበቃል። ታልቅስበት።»

«አያ ገሠሠ፣ ልደብቅ ብዬ አይደለም!»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አሉ ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ።

ሂያምን አመጣት። እሷም በዚያ ባልተዋበ አማርኛዋ ቁልጭ አድርጋ ተናገረች፤ ዲስኩ ብልሹ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ዓለም ሁሉ ያማርራል፣ ወላሂ እውነት ነው። አያ ገሠሠ መረቋት። «አንቺም ጥሩ ልጅ ነሽ፤ ታግዥዋለሽ» አሏት። ሂያም በንዴት አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን ደረሰ ሽማግሌዎቹን ለምኖ ጌም ቤቱ አስገባ። በሚያውቁት አገር ላይ ስህተቱን ላሳያቸው አለ። ገዳሪፍን አበረረላቸው፤ የእህል ጎተራው ሳይቀር በቦታው ቆሟል። ወደ ፋው ወሰዳቸው፤ የመስኖው ቦዮች በክር እንደተሰመሩ ተዘርግተዋል። ስህተት በፈለገበት ቀን ጌሙ አንድ እንከን አጣ። ወደዚያ ቀጥ ብሎ ወደቆመው የካርቱም ድልድይ ሲገሰግስ ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ።

«ታዲያ የቱ ላይ ነው የተሳሳተው?» አሉ አያ ገሠሠ፣ ባዘነ ድምፅ። ከዚያ ወዲያ ጌሙ ስለ ጃናሞራ እውነት መናገሩን የተጠራጠረ ሰው አልተገኘም።

አርባው ወጣ። ደረሰ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ። ይቅርታ ሊጠይቅ ነበር፤ እሷ ግን ቀደመችው።

«እንቅልፍ መጣልኝ እኮ» አለች። «ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚህ ተኝቼ አላውቅም። አለች ብዬ ሳስብ፣ እንዴት አድርጋ ትቀየመኝ ይሆን እያልኩ እንደ እሳት እፈራት ነበር። አሁን ከፈጣሪ ዘንድ ሆና ሁሉን ታያለች። እንዴት እንደነበርኩ ታውቃለች። የሞተ ሰው አይቀየምም ልጄ።»

እንዲህ ትበል እንጂ ከዚያ ወዲህ ወንፊት አልያዘችም። የምትቀምሰውም ከወፍ አይበልጥም። ሳፊያ በየቀኑ ሾርባ ይዛ ትመጣለች፣ ያው ሾርባ ይዛ ትመለሳለች። ደረሰ እየከሳች ስትሄድ እያየ፣ እንቅልፏንም እያየ፣ የትኛውን እንደሚያምን ጠፋው።

ማስተካከያው ከብዙ ጊዜ በኋላ መጣ። ሂያም ጫነችው። ደረሰ ቧሂትን ሲሻገር ውሃው የለም፤ የተጨማደደ፣ ቡናማና አረንጓዴ መሬት ነው። ጮኸ፤ ጎዳና ወጥቶ ያገኘውን ሁሉ እየጎተተ አስገባ። ሰዎቹ አዩ፣ ራሳቸውንም ነቀነቁ። «ዝናቡ ሲያበቃ ውሃው ሸሸ ማለት ነው» አሉ። አንዷ፣ «አስከሬኑን እንኳ ቢያገኙት» ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

ደረሰ ያን ቀን ጌሙን አጠፋ። በማግስቱ ሻንጣውን አንጠልጥሎ፣ እምዬን ለሳፊያ፣ ሱቁን ለሂያም አደራ ብሎ፣ በመተማ አድርጎ ጎንደር ገባ። በሕፃንነቱ ታዝሎ የመጣበትን መንገድ አሁን ብቻውን ተመለሰበት። ከደባርቅ ወዲያ መኪና ስላልነበረ ከበቅሎ ነጋዴዎች ጋር ወጣ። ቧሂት ጫፍ ላይ ሲደርስ ወደ ታች ለማየት ፈራ። ከታች ገብስ ነበር፤ ደረቅ መሬት ላይ የሚወዛወዝ የገብስ ማሳ።

ሸዋረጋን ማሳ ውስጥ አገኛት። ልጅ አዝላ፣ በግራ እጇ ታጭዳለች። ጠባሳው ቅንድቧ ላይ አለ። ከእናትሽ ዘንድ ነው የመጣሁት ሲላት ማጭዱን አላስቀመጠችም።

«እናቴ ሱዳን ሞተች ተብሎ መርዶ ተነግሮኛል» አለች። «አልቅሻለሁ። ተዝካሯንም አውጥቻለሁ።»

«አልሞተችም። እኔን አሳድጋኛለች። በሕፃንነቴ አዝላ ሱዳን ያስገባችኝ እሷ ናት።»

ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «አንተን?» አለች። «አዝላ?»

ደረሰ መሬት መሬት አየ። «አንቺን ንዳድ ይዞሽ ነበር አሉ» አለ።

«ማን ነው ያለው? ጤነኛ ነበርኩ። እስከ ገደሉ አፋፍ ተከተልኳት። ተመለሽ አለችኝ፣ እንቢ አልኩ። ድንጋይ አንስታ ወረወረችብኝ፣ ውሻ እንደሚያባርሩት። አልመታችኝም፤ ግን ተመለስኩ። ያን ድንጋይ እስካሁን አልረሳሁትም።»

ይሁን እንጂ እንግዳ ነውና ቤቷ አስገባችው፤ እህል ውሃ አቀረበችለት። አራት ልጆች አሏት። ትልቋ ውሃ ስታስታጥበው ስሟን ጠየቃት። «እናኑ» አለች ልጅቱ። ሸዋረጋ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ፣ «የሞተች መስሎኝ ነው ያወጣሁላት» አለች።

አብራው እንድትሄድ ለመናት። «ጡት የሚጠባ ልጅ ይዤ? አዝመራው ሳይሰበሰብ?» አለች። «ከፈለገች እሷ ትምጣ፤ መንገዱን ታውቀዋለች።» በስልኩ ላንሳሽ ሲላት ግን አልከለከለችውም። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ሊያነሳት ሲል ሳቅ መጣባት መሰል አፏን በእጇ ሸፈነች። እንደገና አነሳት።

ገዳሪፍ ሲመለስ እናኑ ከአልጋ አትነሳም ነበር። ሳፊያ በነጠላ ስታራግብላት አገኛት፤ እናኑን እንድትበላ እንዲለምናት ጠየቀችው፣ ሐኪሙም ተስፋ እንደቆረጠ በዓይኗ ነገረችው። አልጋው አጠገብ ተንበረከከ።

«እምዬ፣ ሸዋረጋን አገኘኋት።»

እናኑ ፈገግ አለች። «እሰይ ልጄ። ደህና ናት?»

«ደህና ናት! ጥድ በር ሄጄ በዓይኔ አየኋት። ጠባሳዋ አለ። በግራ እጇ ነው የምታጭደው። ስትስቅ አፏን ትሸፍናለች።»

«አዎ፣ እንደሱ ናት» አለች። «እኔ አይደለሁ የነገርኩህ?»

ስልኩን አውጥቶ ምስሉን ዓይኗ ፊት ያዘላት። ስልኩን ከእጁ ተቀበለች፣ አቀረበችው፣ አራቀችው። ብዙ አየችው።

«ቆንጆ አድርገህ ሠርተሃታል» አለች። «እኔን አስመስለሃታል። በዚያ ማሽንህ ነው?»

«አልሠራኋትም እምዬ! በእግዜር! ራሷ ናት!»

«አትጩህ ልጄ። ገባኝ።»

«አራት ልጆች አሏት። ትልቋን እናኑ ብላታለች።»

እናኑ ዓይኖቿን ጨፈነች። እንባዋ ከዓይኗ ጥግ ወደ ጆሮዋ ወረደ። ሳፊያ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት።

«ይሄን ደግሞ እንዴት አሰብከው?» አለች እናኑ። «ይሄስ ከልብህ ነው። እንዴት ያለ ልጅ ነህ!»

አንድ ነገር ቀርቶታል፤ የድንጋዩ ነገር። ያን እናኑ ለእሱ ነግራው አታውቅም፤ ለማንም ነግራ አታውቅም። አሁን ቢናገረው፣ ከሸዋረጋ አፍ ካልሆነ ከየትም ሊሰማው እንደማይችል ታውቃለች። ታምነዋለች። ልጇ በሕይወት እንዳለች ታምናለች፣ በስሟ የተጠራች የልጅ ልጅ እንዳለቻት ታምናለች። የሞተ ሰው አይቀየምም ብላ የተኛችው እንቅልፍ ግን ያኔ ያበቃል፤ የተወረወረውን ድንጋይ የማትረሳ ሴት ቧሂት ማዶ ቆማ እንደምትጠብቃት እያወቀች፣ መነሳት በማትችልበት አልጋ ላይ ትቀራለች። ደረሰ አፉን ከፈተ። ሳፊያን አያት፤ እሷ ምንም አታውቅም። የእናኑን ፊት አየ፤ ያን የሚወደውን ፊት። 

«መንገድ ላይ ነው ያሰብኩት እምዬ» አላት።

«አውቄያለሁ» አለች፤ እጁን ፈልጋ ያዘችው። «እግዜር ይባርክህ። በል አሁን አጥፋውና አጠገቤ ተቀመጥ፤ ደክሞሃል።»

አጠፋውና ተቀመጠ።